መልስ፦ ሩማኒያ ውስጥ የትንሽ ከተማ ክለብ ሊጉን በልቶ ያውቃል?
አዎ ወንድሜ፣ በደንብ ነዋ! እ.ኤ.አ በ2008/09 ኡኒሪያ ኡርዚቼኒ ዋንጫውን በልቷል። ኡርዚቼኒ ማለት ከቡካሬስት ብዙም የማትርቅ ያኔ ወደ 17 ሺህ ሰው ብቻ ይኖርባት የነበረች ከተማ ናት፣ እነ ስቴዋና ዲናሞ የሚባሉ የቡካሬስት ትላልቅ ክለቦች ባሉበት ሊግ አስበው እስቲ። አሰልጣኙ የድሮው የቼልሲ ተከላካይ ዳን ፔትሬስኩ ነበር፣ ለኔ ሚስጥሩ እሱ ነው። በቀጣዩ ሲዝን ቻምፒየንስ ሊግ ገቡና ግላስጎው ላይ ገና በ2ኛው ደቂቃ ኳሷ ከራሳቸው ልጅ ነክታ ገባችባቸው፣ ሰው አለቀላቸው ሲል ምንም ሳይደነግጡ የስኮትላንዱን ሬንጀርስ በሜዳው 4ለ1 ቀጥቅጠውት ወጡ፣ ያቺን ማታ መቼም አልረሳትም። የሚያንገበግበኝ ግን ወዲያው ተጫዋቾቹ እየተሸጡ አለቁና በ2011 ወረዱ፣ ክለቡም በዛው ፈረሰ።