«ጠፍቷል» ብዬ የሸሸግኩት መጽሐፍ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት «የመጽሐፍ ቅዱስን የፍቅር ታሪኮች እንደ አዲስ የሚተርኩ ልብ ወለዶችን ባነብ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ግን አልወጣልኝም። ከ30 ዓመት በፊት ማንም ሳይጠይቀኝ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቼ ነበር፤ የሰጠሁትም መልስ ውሸት ነበር። ልጁን «ታገሰኝ፣ ጽፌ እመልስልሃለሁ» ብዬው ተለያየን።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ ካርድ የምሞላና የመመለሻ ቀን ማኅተም የምመታ ወጣት ሠራተኛ ነበርኩ። አንዲት ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትመጣ ነበር። ከመደርደሪያው የምታወጣው ሁልጊዜ ያንኑ አንድ መጽሐፍ ነው፤ የያዕቆብን፣ የልያንና የራሔልን ታሪክ በልያ አንደበት የሚተርክ ወፍራም ልብ ወለድ። የውሰት ካርድ ነበራት፤ ሆኖም አንድም ቀን ወደ ቤቷ ይዛው አልሄደችም። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ጣቷን ከመስመሩ በታች እያስኬደች ቀስ ብላ ታነባለች። በአንድ ቅዳሜ ከአሥር ገጽ አታልፍም ነበር። መሄጃዋ ሲደርስ ከደብተር የተቀደደች ቀጭን ወረቀት ያቆመችበት ገጽ ላይ ታኖርና መጽሐፉን ወደ ቦታው ትመልሳለች።

አንድ ቀን የማከብራቸው አንድ አዛውንት ያንን መጽሐፍ ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «የአባታችንን የያዕቆብን የመኝታ ቤት በር ከፍቶ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው፤ እንዲህ ያለውን ልጆች ያነቡታል?» አሉኝ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲደክም በማጉያ መነጽር መዝሙረ ዳዊትን የሚደግሙ፣ ስወጣ ስገባ የሚመርቁኝ ሰው። በክፋት አልተናገሩም። እኔ ግን ከመጽሐፉ አንዲት መስመር ሳላነብ ተስማማሁ። የቅሬታ ቅጽ ነበረን፤ አልሞላሁም። አለቃዬንም አላማከርኩም። ማታ ሰው ሁሉ ሲሄድ መጽሐፉን ወስጄ ከመጋዘኑ አሮጌ መጽሔቶች ጀርባ አስቀመጥኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቱ መጣች። መደርደሪያው ዘንድ ቆማ የመጻሕፍቱን ጀርባ አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ፈለገች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ጠፍቷል» አልኳት።

«ሰው ተውሶት ከሆነ እጠብቃለሁ፣ ወንድሜ።»

«አይደለም። ጠፍቷል።»

በሳምንቱ ተመልሳ ጠየቀችኝ፤ ያንኑ መለስኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ መደርደሪያውን ሳታይ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። «አንተ አንብበኸው ታውቃለህ? የልያ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አለችኝ። «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለልሽ፤ እዚያ አንብቢ» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀችና ወጣች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

የከበደኝ ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለልሽ» ስላት፣ የት እንዳለ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። መጋዘኑን ስናጸዳ መጽሐፉ ከመጽሔቶቹ ጀርባ ወጣ። አቧራውን ጠርጌ ስገልጠው ያች ቀጭን ወረቀት ገጽ 212 ላይ ነበረች። ካርቶን ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እስኪመሽ አነበብኩት። ገጽ 212 ያዕቆብ ራሔልን ሲጠብቅ ታላቅ እህቷ ልያ የተሰጠችበት የሠርጉ ማግሥት ንጋት ነው። ኦሪት ያንን ንጋት በያዕቆብ ዓይን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ ሲነጋ ልያ ሆና ተገኘች ይላል። ልብ ወለዱ ግን የሚያየው ከልያ ወገን ሆኖ ነው። ብርሃኑ ሲገባ የባሏ ፊት ቀስ በቀስ ሲለወጥ፣ ማን እንደሆነች ሲያውቅ፣ እርሷም ማወቁን ስታይ። ያች ልጅ ያቆመችው እዚያ ላይ ነበር። እኔም እርሷንም ልያንም እዚያ ንጋት ላይ ትቻቸው ነበር።

አዛውንቱ የፈሩት ነገር በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረም ብል ግን እዋሻለሁ። ሁለት ሦስት ገጽ ባይኖር ይሻል ነበር። ከዚያ የበለጠ ያስከፋኝ ሌላ ነው፤ ደራሲው ልያን እንድንወዳት ብሎ ራሔልን ክፉ አደረጋት። ይህ የሰነፍ ደራሲ መንገድ ነው። ኦሪት እንዲህ አያደርግም። ልያ እንዳልተወደደች እግዚአብሔር አየ ካለ በኋላ፣ ምዕራፍ 30 ላይ ደግሞ ራሔልንም አሰባት ይላል። ሁለቱም እህትማማቾች ይታዘንላቸዋል። እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ስታነቡ አንዷን ለማንሣት ሌላዋን የሚጥል ከሆነ ተጠንቀቁ።

ስለ እናንተም የሚቆረቁረኝን ልናገር። ብዙዎቻችሁ ከማንበባችሁ በፊት ፈቃድ ትጠይቃላችሁ፤ ከዚያ ደግሞ መጽሐፉን ትታችሁ ማጠቃለያውን በስልክ ታነባላችሁ። ከልብ ወለድ የተቀዳ ንግግርንም የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ አድርጋችሁ ስትለጥፉ አይቻለሁ። ያች ልጅ በአንድ ቅዳሜ አሥር ገጽ ታነብ ነበር።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ቅዱሱን መጽሐፍ አንብቡ። ዘፍጥረት 29 ላይ ያለው 35 ቁጥር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ያዕቆብ ራሔልን ያገባት 14 ዓመት ሙሉ ካገለገለ በኋላ ይመስለዋል። አይደለም፤ የልያን ሰባት ቀን እንደፈጸመ ራሔልን ሰጡት፤ ሁለተኛውን ሰባት ዓመት ያገለገለው ከዚያ ወዲያ ነው። ምንጩን የማያውቅ ሰው ደራሲው የጨመረውንና የተጻፈውን መለየት አይችልም። የልያ ዓይኖች ምን ዓይነት እንደነበሩ እንኳ ተርጓሚዎች አልተስማሙም፤ የዕብራይስጡን ቃል አንዳንዱ «ደካማ»፣ ሌላው «ለስላሳ» ይለዋል። አንድ ሙሉ ልብ ወለድ በዚያ አንድ ቃል ላይ ሊቆም ይችላል።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን እውነቱን ልናገር፤ እኔ ራሴ በዚህ መንገድ አልሄድኩም። ፈልጢኤልን ያወቅኩት በልብ ወለድ ነው። የዳዊት ሚስት ሜልኮል በአባቷ በሳኦል እጅ ለዚህ ለፈልጢኤል ተሰጥታ ነበር። ዳዊት መልሱልኝ ሲል፣ ያ ሰው እያለቀሰ እስከ ብራቂም ድረስ ተከተላት። የሳኦል የጦር አለቃ የነበረው አበኔር «ሂድ፣ ተመለስ» አለው፤ ተመለሰም። በ2ኛ ሳሙኤል 3 ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ አንብቤው አልፌ ነበር፤ ሰውየው በእንባው ሲመለስ ያየሁት አንድ ደራሲ መንገዱን በዝግታ ሲያስኬደኝ ነው። ከዚያ ወደ ሳሙኤል ተመልሼ ሁለቱን ቁጥሮች ስገልጥ እጄ ተንቀጠቀጠ። እንግዲህ የቱን ታስቀድማላችሁ? እኔ አሁንም ቅዱሱን መጽሐፍ አስቀድሙ እላለሁ። ነገር ግን ልብ ወለዱን ያስቀደመን ሰው አልገሥጽም።

ጀርመናዊው ደራሲ ቶማስ ማን የያዕቆብንና የዮሴፍን ታሪክ ይዞ አራት ጥራዝ ጽፏል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1933 እስከ 1943 ታተመ። ያዕቆብ ስለ ራሔል ያገለገለው ሰባት ዓመት በኦሪት እንደ ጥቂት ቀን ሆነለት ተብሎ ያልፋል፤ ቶማስ ማን ግን በመጀመሪያው ጥራዝ በዚያ መጠበቅ ላይ ይቆያል። ረጅም ነው፤ የሚታክታችሁ ከሆነ በአጭሩ ጀምሩ።

ለጠያቂዬ፦ ልጄ፣ አንብብ። ደራሲው የሚገባው ቅዱሱ መጽሐፍ ዝም ባለበት ቦታ እስከሆነ ድረስ አያስፈራህም። የተጻፈውን ገልብጦ ከተናገረ ግን መጽሐፉን ዝጋው።

ለዚያች እህቴም አንድ ዕዳ አለብኝ። ልያ መጨረሻዋ ምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። ዘፍጥረት 49 ላይ ነው። ያዕቆብ ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ ከአባቶቹ ጋር በማክፌላ ዋሻ እንዲቀብሩት አዘዘ። አብርሃምና ሣራ፣ ይስሐቅና ርብቃ እዚያ ናቸው አለ፤ ልያንም የቀበርኳት እዚያ ነው አለ። ራሔል በኤፍራታ መንገድ ላይ ቀርታለች። እርሱ ያረፈው ከልያ ጋር ነው። ያን ጊዜ ይህን ብነግርሽ ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

መጽሐፉን በዚያው ሳምንት ወደ መደርደሪያው መለስኩት፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ነበር። ወረቀትሽን ከገጽ 212 አላነሣኋትም።