የልዑል ዓለማየሁን መቃብር ለማየት ዊንዘር ለምትሄዱ

«በመጪው እሁድ ከእናቴ ጋር ዊንዘር ሄደን የልዑል ዓለማየሁን መቃብር ልንሳለም ነው፤ ምን እንወቅ?» ላልከው ወንድማችን።

1. እሁዱን ሰርዘው። የብዙ ሐበሻ ገንዘብ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝ ነገሥታት መኖሪያ የሆነው የዊንዘር ቤተ መንግሥት እሁድም ክፍት ስለሆነ ትኬቱን ይሸጡልሃል፤ ልዑሉ ያለበት፣ በግቢው ውስጥ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግን እሁድ ለጸሎት እንጂ ለጎብኚ አይከፈትም። ማክሰኞና ረቡዕ ደግሞ ግቢው ራሱ ዝግ ነው። ስለዚህ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ወይም ሰኞ። በእነዚህም ቀናት የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ካለ ድንገት ይዘጋልና ድረ ገጻቸውን ሳታይ አትቁረጥ። ቀደም ብለህ በኢንተርኔት ከገዛህ ይረክሳል።

2. የመቃብር ሐውልት አትፈልግ፣ የለም። አስከሬኑ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ ከምድር በታች ባለ የመቃብር ክፍል ነው፤ ጎብኚ አይገባበትም። ከሌሎች ሰዎች ጋር ስለተቀበረም ነው የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሰዎች በ2023 «የሌሎቹን ዕረፍት ሳንነካ ማውጣት አንችልም» ብለው ወደ አገሩ መመለሱን የከለከሉት። ይህን ከበር ጠባቂ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። አንተ የምታየው ንግሥት ቪክቶሪያ ውስጥ ያስቀመጠችለትን የነሐስ ሰሌዳ ነው። ስሙን «አላማዩ» ብለው ስለጻፉት «ዓለማየሁ» እያልክ ብትጠይቅ ላይገባቸው ይችላል፤ «የአቢሲኒያው ንጉሥ የቴዎድሮስ ልጅ» በላቸው። ልደቱ 1861፣ ሞቱ ኅዳር 14 ቀን 1879 ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፏል። ከሥሩ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለው የማቴዎስ ቃል አለ። ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከመቅደላ የወሰዱትን ልጅ፣ ጠርተውት የመጣ ይመስል!

ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው፤ ጽሑፉን የምትገለብጥበት ወረቀትና እርሳስ ያዝ።  በሩ ላይ እንደ አየር ማረፊያ ስለሚፈተሽ ትልቅ ሻንጣ ይዛችሁ አትምጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ከግቢው ቀድሞ ስለሚዘጋ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፣ የቤተ መንግሥቱ ሳሎኖች ይደርሳሉ። የማታውን ጸሎት ያለ ትኬት መካፈል ይቻላል፤ ግን ተቀምጦ ለመጸለይ እንጂ እየዞሩ ሰሌዳ ለመፈለግ አይደለም።

ባቡሩን በተመለከተ፣ ከለንደን የዋተርሉ ጣቢያ ሳትቀይሩ ትደርሳላችሁ፤ ጣቢያው ግን ከታች ስለሆነ ዳገት አለው። ከለንደን የፓዲንግተን ጣቢያ ከሆነ ስላው የሚባል ጣቢያ ላይ ትቀይራላችሁ፣ የሚያወርዳችሁ ግን ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ነው። እናትህን ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ በፓዲንግተን ውሰዳቸው።