የሚነቃው መድኃኒቱ ነው ወይስ ካንሰሩ?

ጥያቄ፦ የጤና ጽሑፎችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ብርሃን ሲያርፍበት ካንሰርን የሚያጠቃ እጅግ ደቃቃ ቁስን «ብርሃን አነቃቂ የካንሰር ናኖ ቁስ» ብዬ ብጽፍ ጓደኛዬ «በብርሃን የሚነቃ የካንሰር ናኖ ቁስ» በል አለኝ። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ወደ ልኩ ቀርበዋል፤ አልደረሱም እንጂ።

የእርስዎ ሐረግ ነገሩን ገልብጦታል። «እንጨት ፈላጭ» ስንል የሚፈለጠው እንጨቱ ነው። በዚሁ ስሌት «ብርሃን አነቃቂ» ብርሃንን የሚያነቃቃ ይሆናል። እዚህ ግን የሚያነቃው ራሱ ብርሃኑ ነው።

የጓደኛዎ ችግር የቃላቱ አሰላለፍ ነው። «በብርሃን የሚነቃ የካንሰር…» ላይ ስደርስ እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ ካንሰሩ ሊነቃ ነው እንዴ? ገላጩን ከባለቤቱ ጎን ያስቀምጡት፦ «ለካንሰር ሕክምና የሚውል፣ በብርሃን የሚነቃ ናኖ ቁስ»። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ማንንም አያስደነግጥም።

«ነቃ» ለግዑዝ ነገር አይሆንም የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሸክላ ሲሰነጠቅስ ነቃ እንል የለ? ደግሞ አሠራሩን ይዩት። ብርሃን ተቀባዩ መድኃኒት ጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሚስማማው ብርሃን ሲያርፍበት ጉልበቱን አጠገቡ ላለው ኦክስጅን ያቀብላል። ኦክስጅኑ እንደ ቁጡ ሰው ይሆንና ያገኘውን ሴል ይጎዳል። ብርሃኑ ሲጠፋ ነገሩ ይቆማል። ይሄ ተኝቶ መንቃት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ግን ሌላ ናቸው። ብርሃኑን ውጠው ይግላሉ፤ ሴሉን የሚገድለውም ሙቀቱ ነው። ለእነሱ «በብርሃን የሚግሉ» ቢሉ አንባቢው አሠራሩን ከግሡ ያገኘዋል። ሁለቱንም በአንድ ግሥ መጠቅለል ካለብዎት ብቻ «በብርሃን የሚሠሩ» ይበሉ። ቀዝቃዛ ቃል ነው፤ ግን አይዋሽም።

ካንሰርን «ነቀርሳ» እንዳይሉት እመክራለሁ። «የሳንባ ነቀርሳ» ካሉ አንባቢዎ ቲቢ ነው የሚመጣበት።

«ናኖ»ም ባለበት ይቆይ። ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «ድንክ» ማለት ነው፤ 1 ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። «ደቂቅ ቁስ» የሚሉ አይቻለሁ። ያምራል፤ ግን «ደቂቅ»ን «ደቂቅ ዘአካላት» ቀድመው ይዘውታል። አንባቢው ታማሚው ውስጥ ጀርም የሚጨመር ይመስለዋል።