ትልቅ ውሻ አያማርርም

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በምንለው ሰፈር ቡናዬን እየጠጣሁ ሳለ አንዲት ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና በስልኳ የአንድ ግዙፍ ቡችላ ፎቶ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ይህ ለማስታወቂያ አይሆንም? ስንት ይከፍላሉ?» አለችኝ። ያን ዕለት በቀልድ አለፍኩት። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ለእርሷም፣ እንደ እርሷ ለምታስቡትም ይህን ጻፍኩ።

የክፍያውን ነገር አስቀድሜ ልገላገለው። ሲገኝ ጥሩ ነው፤ አዘውትሮ ግን አይገኝም። የቤት ኪራዬን ውሻዬ ይከፍልልኛል ብላችሁ ሥራችሁን እንዳትለቁ።

እኔ ውሾችን ለፊልምና ለማስታወቂያ በማሠልጠን ሙያ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቻለሁ። የጀመርኩት የውሾች ማደሪያ በማጠብ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ሥራዬን ስትጠይቀኝ «ውሻ አስተምራለሁ» አልኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ተምረው ምን ሊሆኑ ነው?» አለችኝ። በእርሷ ግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል፣ ከደጅ አልፎ ወደ ቤት አይገባም። መልስ አልነበረኝም።

የመጀመሪያው የራሴ ውሻ ሴንት በርናርድ ከተባለው ግዙፍ ዝርያ ነበር። አድጎ ሲጨርስ 75 ኪሎ መዘነ። ለግዝፈቱ ብዬ ስሙን ጎሽ አልኩት። ስሕተቴ የገባኝ ሥልጠና ስንጀምር ነው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ካሜራውን ሲያይ ደስ ይለኝና «ጎሽ!» እለዋለሁ፤ እርሱም የተጠራ መስሎት ተነሥቶ ወደ እኔ ይመጣል። ባመሰገንኩት ቁጥር ሥራውን አበላሽበት ነበር። ከዚያ በኋላ ምስጋናውን «ተባረክ» በሚል ቀየርኩት። ስምና ምስጋና የማይምታቱ መሆን እንዳለባቸው ያስተማረኝ እርሱ ነው። አማርኛው ግን በሌላ በኩል ጠቅሞናል። ተዋናዩ በንግግሩ መካከል በእንግሊዝኛ «ተቀመጥ» ቢል ጎሽ ንቅንቅ አይልም። ድምፅ በሚቀረጽበት ሰዓት አማርኛም ስለማያዋጣ ሁሉንም ትእዛዝ በእጅ ምልክት ጭምር አስተማርኩት።

ውሻው በመጀመሪያ የሚማረው መቆሚያውን ነው። ጣውላ ታስቀምጣላችሁ፤ የፊት እግሮቹ ጣውላውን በረገጡ ቁጥር አንድ ቁራጭ የተቀቀለ ዶሮ ትሰጡታላችሁ። ጣውላውን ቀስ በቀስ እያሳነሳችሁ ካሜራ እስከማያየው ድረስ ታደርሱታላችሁ። ተመልካቹ «ውሻው ሕፃኑን በምን ዓይነት ፍቅር ያየዋል!» ብሎ ሲያለቅስ፣ ውሻው የሚያየው ከሕፃኑ ትከሻ በስተኋላ ዶሮ ይዤ የቆምኩትን እኔን ነው። በፊልም አንድ ውሻ የሚመስላችሁ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ አንዱ መሮጥ ይሆንለታል፣ ሌላው መተኛት። መብራት ሲስተካከልም በውሻው ቦታ ጥጥ የተሞላ አሻንጉሊት ይቀመጣል። ፎጣውን ደግሞ አትርሱ። የሴንት በርናርድ ለሃጭ ማለቂያ የለውም፤ ራሱን አንዴ ካራገፈ ካሜራው መስታወት ላይ ይደርሳል። እኔ በቀን አሥር ፎጣ እይዝ ነበር።

ፎቶ አንሺዎች ሁሉ አንገቱ ላይ ትንሽ በርሜል ማንጠልጠል ይወዳሉ። ዝርያው በስዊዘርላንድና በኢጣልያ ድንበር አካባቢ ባለው የታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ፣ በመነኮሳት እጅ ያደገ ነው። ከ1800 እስከ 1814 እ.ኤ.አ. የኖረው ባሪ የተባለው ውሻ ከ40 በላይ ሰዎችን ከበረዶ እንዳዳነ ይነገርለታል፤ ቆዳው ተሞልቶ ዛሬም በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ ሙዚየም ቆሞ ይታያል። ውሾቹ ብርድ ለመታው ሰው በበርሜሉ መጠጥ ይዘው ይሄዱ ነበር ይባላል፤ በርሜሉን ግን መነኮሳቱ አያውቁትም። ወሬውን ያዛመተው በ1820 አንድ ወጣት እንግሊዛዊ ሠዓሊ የሣለው ሥዕል ነው። እነዚህን ውሾች ሞዴል ያደረጋቸው እንግዲህ ያ ሠዓሊ ነው፤ እኔ የደረስኩት ዘግይቼ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትንሽ ውሻ ሲከፋው ይጮኻል፣ ይነክሳል፣ ያስቸግራል፤ ሥራውም ይቆማል። ትልቅና ገር ውሻ ግን ቆሞ ይችለዋል። ሁሉም «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» እያለ እየደባበሰው ይጎዳል። ስለዚህ ምልክቱን እወቁ። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፤ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ የዓይኑ ነጭ በጎን በኩል ይወጣል። ሕፃን ልጅ ጀርባው ላይ የተኛበትን ትልቅ ውሻ በስልካችሁ ስታዩና ስትስቁ፣ ቪዲዮውን መልሳችሁ የውሻውን ዓይን ብቻ ተመልከቱ።

እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ዝም ያልኩበት ቀን አለ። ሥራው የብርድ ካፖርት ማስታወቂያ ነበር፤ ቦታው የሎስ አንጀለሱ ሳን ፈርናንዶ ሸለቆ፣ ጊዜው ነሐሴ። እዚህ ነሐሴ ዝናብ ሳይሆን እሳት ነው። ከወረቀት የተሠራ በረዶ በትልቅ ማራገቢያ ይበተናል፤ ጎሽ በዚያ መካከል ሄዶ ጣውላው ላይ ይቆማል። ውሻ እንደ እኛ በገላው ሁሉ አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በአብዛኛው በማለክለክ ነው። ምላሱ ሰፍቶ ጎኑ ሲመታ አየሁ። «አንድ ጊዜ ብቻ እንድገመው» አሉኝ። ለሥራው አዲስ ነበርኩ፤ እምቢ ካልኩ ዳግመኛ አይጠሩኝም ብዬ ፈራሁ። አራት ጊዜ ሄዶ ቆመ። በአምስተኛው ሄደ፣ የፊት እግሮቹን እንደተማረው ጣውላው ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ ጉልበቱ ከዳው።

ሆዱንና እግሮቹን በውኃ እያራስን በቀዝቃዛ መኪና ወደ ሐኪም ወሰድነው፤ ዳነ። ነገር ግን ማራገቢያ ባለበት ክፍል ዳግመኛ ገብቶ አያውቅም። ማስታወቂያውን አይቼዋለሁ፤ ሦስተኛው ቀረጻ ነው የተመረጠው።

«ተቆጣጣሪ የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። በ1939 እ.ኤ.አ. በአንድ ፊልም ቀረጻ ፈረስ ከገደል ተነድቶ ከሞተ በኋላ፣ አሜሪካን ሂዩማን የተባለው ድርጅት ከ1940 ጀምሮ በሆሊውድ ቀረጻዎችን ይከታተላል። የ1966ቱ የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ሕግም በ1970 ሲሻሻል ለትርኢት የሚቀርቡ እንስሳትን አካቷል። መልካም ነው። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ቢገኝ እንኳ ውሻችሁን የሚያውቀው ከዚያ ቀን ጠዋት ጀምሮ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ጥላው የት እንደሆነ፣ «በቃ» የሚለው ማን እንደሆነ ገና ከቤት ሳትወጡ በጽሑፍ ተስማሙ። «በቃ» የምትሉት እናንተ ካልሆናችሁ አትሂዱ።

ስለ ሰውነቱም ጥቂት ልበል። ግዙፍ ውሻ አጥንቱ እስኪጠና ሁለት ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ እስከዚያ ከመኪና አታዝልሉት፣ ደረጃም አታሩጡት። ሆድ ሙሉ በልቶ ወዲያው አይሥራ። ደረተ ጥልቅ የሆኑ ውሾች ሆዳቸው በአየር ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ ሆዱ ከተወጠረ፣ ሊያስመልሰው ሞክሮ ምንም ካልወጣው፣ መቀመጥም መተኛትም ካቃተው፣ ሐኪም ዘንድ ሩጡ፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ሴንት በርናርድ በአብዛኛው ከ8 እስከ 10 ዓመት ነው የሚኖረው። የልጅነቱንና የእርጅናውን ስትቀንሱ ለሥራ የሚቀረው አራት ወይም አምስት ዓመት ነው። ጎሽ በዘጠኝ ዓመቱ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ኩሽናዬ ወለል ላይ ተኝቶ ሞተ። ወለሉ ይቀዘቅዝለት ስለነበር ይወደው ነበር።

ከእርሱ በኋላ ጋቢ የተባለ ነጭ ውሻ አሳደግሁ። መልኩ ከጎሽ ይበልጥ ነበር፤ የፎቶ ብልጭታ ግን አስደነገጠው። ሦስት ሳምንት በዶሮ፣ በጨዋታ፣ በትዕግሥት ሞከርኩ። ብልጭታው ገና ሳይበራ ፎቶ አንሺውን ሲያይ ጠረጴዛ ሥር መግባት ጀመረ። ተውኩት። በስድስት ዓመት አንድ ዶላር አላስገባልኝም፤ ሁለት ሶፋ ግን ጨርሷል። አሁንም ይህን ስጽፍ እግሬ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል።

አንቺ ልጅ፣ ቡችላሽን ቅዳሜ ጠዋት ይዘሽው ነይ። ስልክሽን መኪና ውስጥ ተዪው፤ ያን ቀን ማንንም አንቀርጽም። ዶሮው ከእኔ ነው። የጎሽ ጣውላም አለኝ፤ ጥፍሩ የጫረው ምልክት እንዳለ ነው። ፎጣ ግን ራስሽ ይዘሽ ነይ።