በርሊንን ለቅቄ ኤርክነር ልግባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆች ጋር በርሊን ውስጥ ጠባብ ቤት ውስጥ ተፋፍገን ነው የምንኖረው። እሱ በቅርቡ ግሩንሃይደ የሚገኘው የቴስላ ፋብሪካ ሥራ ጀምሯል፣ የኔ ሥራ በርሊን ኦስትክሮይትስ ጣቢያ አካባቢ ነው። አሁን ከበርሊን ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ከተማ በኤርክነር ሰፋ ያለ ቤት አግኝተናል። ጓደኞቼ ግን «እዚያ ሄደሽ ልትቀበሪ ነው?» ይሉኛል። ያዋጣናል?
ኤም.፣ ከበርሊን

መልስ፦ እህቴ፣ ኤርክነርን መጀመሪያ ያወቅኋት በእንቅልፍ ነው። ከሥራ ስመለስ ኤስ 3 የሚባለው የከተማ ባቡር ላይ ሸለብ አደረገኝና ካርልስሆርስት መውረድ ሲገባኝ ዓይኔን ስገልጥ ባቡሩ ባዶ ነው፣ በሮቹ ተከፍተዋል፣ ሹፌሩ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከፊተኛው ጫፍ ወደ ኋለኛው ይራመዳል። መስመሩ እዚያ ያልቃል። ትንሽ ቆሞ ወደ በርሊን ይመለሳል።

12 ሺህ ገደማ ሰው ነው የሚኖርባት። ዙሪያዋ ደንና ሐይቅ ነው። ያረጁ ቆንጆ ቤቶች እናያለን ብለሽ ግን አትሂጂ፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 1944 የአሜሪካ አውሮፕላኖች የኩሽኔታ ፋብሪካዋን ሊመቱ መጥተው አብዛኛውን ቤት አውድመውታል። የድሮ ጥቁር ስልክ የሚሠራበት ባክላይት የሚባለው ፕላስቲክም በ1910 አካባቢ በፋብሪካ መመረት የጀመረው እዚህ ነው። ከበርሊን ሸሽታ የገባች የመጀመሪያዋ ሰው ደግሞ አንቺ አትሆኚም። ደራሲው ጌርሃርት ሃውፕትማን በ1885 ለሳንባው ጤና ብሎ መጥቶ አራት ዓመት ያህል ኖሮባታል፣ በ1912 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰውዬ ማለት ነው። ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው።

ኪራዩን ለጊዜው ተይውና ባቡሩን እንይ፣ ምክንያቱም በየቀኑ የምትኖሪው እሱ ውስጥ ነው። ሁለት አለልሽ። ኤስ 3 በራንስዶርፍ፣ በፍሪድሪሽስሃገን፣ በኮፐኒክ እያለ ሁሉም ጋ እየቆመ ኦስትክሮይትስ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ኤር ኤ 1 የሚባለው ፈጣኑ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። ያኔ ኤስ 3 ላይ ትዘያለሽ፣ አለቀ። አንድ ባቡር ብቻ ያላቸው ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች በብርድ ቆመው ሰሌዳውን ሲያዩ ነው የሚውሉት። እኔ ኤርክነርን የምመርጠው ለዚህ ነው፣ ለሐይቁ አይደለም።

የባለቤትሽ መንገድ ካንቺም ይቀላል። ከ2023 ጀምሮ ከኤርክነር ጣቢያ ወደ ፋብሪካው የሚሄድ ነጻ ባቡር አለ፣ ሠራተኛ ላልሆነም ሰው። የሌሊት ፈረቃ ካለው ግን ሰዓቱ ይግጠም አይግጠም አስቀድሞ ይይ።

ቲኬት ላይ እንዳትሸወጂ። ለበርሊን ከተማ ዞኖች ብቻ የሚያገለግለው ኤቢ ቲኬት ከኤርክነር በፊት ባለው ጣቢያ ዊልሄልምስሃገን ላይ ያበቃል፣ ኤርክነር ዞን ሲ ናት። ተቆጣጣሪ ካገኘሽ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው። በመላው ጀርመን በከተማና በክልል ባቡሮች የሚያስኬደው ወርኃዊ ዶይችላንድቲኬት ካለሽ ይሄ ሁሉ አያሳስብሽም፣ ከጥር 2026 ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ገብቷል።

ጓደኞችሽ ያልነገሩሽ ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ አንድ ጣቢያ ብቻ አልፈሽ ብራንደንበርግ፣ ማለትም ሌላ ክፍለ ሀገር ገባሽ። በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አከራዩ የፈረመውን ወረቀት ይዛችሁ አንሜልዱንግ፣ ማለትም የአድራሻ ምዝገባ ታደርጋላችሁ፣ እሱ ቀላል ነው። የወረዳው ዋና ከተማ ግን ቤስኮ ናት፣ ለአንዳንድ ጉዳይ እዚያ ድረስ መሄድ ሊኖር ይችላል። የኪታው፣ ማለትም የመዋለ ሕፃናቱ ነገርም አለ። በርሊን መዋለ ሕፃናት ከምግብ በስተቀር ነጻ ነው፣ ብራንደንበርግ ግን ነጻ የሚሆነው ልጁ 3 ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ በታች እንደ ገቢያችሁ ሊያስከፍሏችሁ ስለሚችሉ የምታተርፉት ኪራይ እዚያ እንዳይገባ።

ኪራዩን ሲነግሩሽ «ካልት ነው ዋርም?» በይ፤ ካልት ባዶ ኪራዩ ብቻ ነው፣ ዋርም ማሞቂያና ሌላ ወጪ የተጨመረበት። ካውሲዮን ብለው የሚጠይቁት መያዣ ከሦስት ወር ካልት መብለጥ አይችልም፣ ሕግ ነው። ከመፈረምሽ በፊትም በሥራ ቀን፣ ሥራ በምትገቢበት ሰዓት፣ ከኤርክነር ተሳፍረሽ ሞክሪው። እሁድ ሄደሽ ሐይቅ ዳር ቡና ጠጥተሽ አትወስኚ።

የልጆቹን ዕድሜ አልጻፍሽልኝም። ላኪልኝና የኪታውን ነገር በሚቀጥለው እትም እናየዋለን።