የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ፦ ምርቃት፣ ዕዳና ደመወዝ

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ለመግባትም ሆነ ልጅ ለማስገባት የተዘጋጃችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። መልሶቼ እነሆ።

ጥያቄ፦ አንዱ ዩኒቨርሲቲ 60 በመቶ፣ ሌላው 85 በመቶ ያስመርቃል። ባለ 60ውን ልተወው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ቁጥሩ የስንት ዓመት እንደሆነ ይዩ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ4 ሳይሆን በ6 ዓመት ውስጥ የጨረሱት ነው። የሚቆጠሩትም ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የገቡ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ናቸው። ተዛውሮ ሌላ ቦታ የተመረቀ ልጅ፣ ለመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ እንዳልተመረቀ ይያዝበታል። የቨርጂኒያና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ከ90 በመቶ በላይ ያስመርቃሉ፤ ግን ሲጀመርም የሚቀበሉት ጎበዝ ጎበዙን ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ተማሪ የሚቀበሉትን እርስ በርስ ያወዳድሩ። የፔል ግራንት (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጥ የፌዴራል እርዳታ) ተቀባዮች ድርሻ ለዚህ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ «ፉል ታይም ነኝ» ይላል። ታዲያ ለምን 5 ዓመት ይፈጅበታል?

መልስ፦ በሴሚስተር 12 ክሬዲት እየወሰደ ይሆናል። ለፋይናንሻል ኤይድ 12 ክሬዲት ሙሉ ጊዜ ነው። ዲግሪው ግን በአብዛኛው 120 ይጠይቃል። 12 በ8 ሴሚስተር ሲባዛ 96 ነው። 24 ጎደለ፤ አንድ ዓመት ማለት ነው። የዚያ ዓመት ክፍያ ብቻም አይደለም፣ ሠርቶ ሊያገኝ ይችል የነበረው ደመወዝም አብሮ ይሄዳል። 15 ይውሰድ፤ ከከበደው በሰመር ያካክስ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲዎቹን ሳያቸው የሁሉም ተማሪዎች ዕዳ ይቀራረባል። ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው ቢበዛ በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው። በ4 ዓመት 27,000። ጣሪያው አንድ ስለሆነ ቁጥሩም ይቀራረባል። ልዩነቱ የተደበቀው በወላጅ ስም በሚወጣው ፓረንት ፕላስ በተባለው የፌዴራል ብድርና በባንክ ብድር ውስጥ ነው። ኮሌጅ ስኮርካርድ የተባለው የትምህርት ሚኒስቴሩ ማወዳደሪያ ድረ ገጽ የሚያሳየው የተማሪ ዕዳ እነዚህን አይጨምርም። ፕላስ ደግሞ ገና ሲሰጥ ከ4 በመቶ በላይ ይቆረጥበታል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ በአዋርድ ሌተሩ (የእርዳታ ማሳወቂያ ደብዳቤው) ላይ ከእርዳታው ጋር ደባልቆ ይጽፈዋል። እስክሪብቶ አንሥተው ብድሩን ሁሉ ይሰርዙና የቀረውን ይደምሩ። እውነተኛው እርዳታ ያ ነው።

ጥያቄ፦ ደመወዝስ?

መልስ፦ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ የትምህርት ዘርፉን ይዩ። አንድ ግቢ ውስጥ የነርሲንግና የሳይኮሎጂ ተመራቂዎች ደመወዝ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ስኮርካርድ በዘርፍ ለይቶ ያሳያል፤ የሚቆጥረው ግን የፌዴራል እርዳታ ወይም ብድር የወሰዱትን ብቻ ነው። ሳይኮሎጂ የምትወድ ልጅ ነርስ ትሁን እያልኩ አይደለም። ጠቅላላ ዕዳዋ ግን ከመጀመሪያ ዓመት ደመወዟ ባይበልጥ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሌላ ስቴት ያለ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል። ልሂድ?

መልስ፦ ዳጎስ ያለ ስኮላርሺፕ ካልሰጡሽ ቅሪ። ደግሞ ስኮርካርድ ላይ ያየሽው አማካይ ወጪ የስቴቱ ነዋሪዎች የሚከፍሉት ዝቅ ያለው ነው፤ አንቺን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ብጀምርስ?

መልስ፦ ያዋጣል፣ ክሬዲትህ የሚተላለፍ ከሆነ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስድስት የዩሲ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ግቢዎች መስፈርቱን ላሟላ ተዛዋሪ ቅበላ ዋስትና ይሰጣሉ። በርክሌይ፣ ዩሲኤልኤና ሳንዲዬጎ ግን የሉበትም። ሌላ ስቴት ከሆንክ የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚያዝልህ ከመመዝገብህ በፊት በጽሑፍ አስሰጥ።