ስትራቴጂ ጌም ለጀማሪ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ስትራቴጂ ጌም መጀመር የምትፈልጉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ አላሳፈራችሁኝም። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ቀን ቢሮ፣ ማታ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ። ፕሮ አይደለሁም፣ ግን የሰፈሩን ልጆች ሳስጀምር ስለኖርኩ ጀማሪ የት ላይ እንደሚሰናከል አውቃለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ስድቡን ዘልዬዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሲጀመር አርቲኤስ የሚባለው ምንድን ነው? እኔ ከፊፋ ሌላ አላውቅም።

መልስ፦ ሪል ታይም ስትራቴጂ ነው ሙሉ ስሙ። ካርታ ላይ ትንሽ ሰፈርና ጥቂት ሠራተኛ ይሰጥሃል። እንጨት ታስቆርጣለህ፣ ወርቅ ታስቆፍራለህ፣ ቤት ትሠራለህ፣ ጦር ታወጣለህ፣ ከዚያ ያኛውን ሰውዬ ታጠፋዋለህ ወይም ያጠፋሃል። ቼዝ ላይ ተራህን ትጠብቃለህ፤ እዚህ ተራ ብሎ ነገር የለም፣ አንተ እያሰብክ እሱ እየሠራ ነው። የዛሬውን መልክ ያስያዘው በ1992 የወጣው ዱን 2 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ1995 ኮማንድ ኤንድ ኮንከር ተከተለ፣ በ1998 ስታርክራፍት፣ በ1999 ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሰው ዛሬም ይጫወታቸዋል።

ጥያቄ፦ በየትኛው ልጀምር? በዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም፣ ስለዚህ ነፃ ቢሆን ይመረጣል።

መልስ፦ ነፃ ከሆነ ሁለት አማራጭ አለሽ። አንደኛው ስታርክራፍት 2 ነው። በ2010 ወጣ፣ ከ2017 ጀምሮ የመጀመሪያው ካምፔይን (ታሪክ እየተከተልሽ ብቻሽን የምትጫወቺው ክፍል)ና ኦንላይን ውድድሩ ያለ ክፍያ ነው። በጣም ያማረ ጌም ነው፣ ግን ፈጣን ነው፤ አፍታ ዘወር ካልሽ ሠራተኞችሽ አልቀው ታገኛለሽ። ሁለተኛው ዜሮ ኤዲ ይባላል፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ጌም ነው። የጥንቱ ዓለም ነው፣ የነ ሮማና የነ ፋርስ። ጎረቤታችን የኩሽ መንግሥትም አለበት፣ የመርዌዎቹ ማለት ነው። ረጋ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ።

ካርድ ያለው ዘመድ ካለሽ ግን ሌላውን ሁሉ ተይና ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን አስገዢ። በ2019 ታድሶ የወጣው ማለቴ ነው። በፍላሽ ከእጅ እጅ የሚዞረውን ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረ ቅጂ) አልመክርም፤ ቫይረሱን እንኳ ብንተወው፣ ኦንላይን አያስገባሽም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው ያለኝ። ኮር አይ 5፣ ሰርድ ጄኔሬሽን፣ 4 ጊጋ ራም። ይችላል?

መልስ፦ ለኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ዝቅተኛው መስፈርት 4 ጊጋ ራምና ኢንቴል ኤችዲ 4000 ግራፊክስ ነው፣ ያንተው ሰርድ ጄኔሬሽን ደግሞ እሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ለጥቂት ደርሰሃል። ብቻህን ከኮምፒውተሩ ጋር ያጫውትሃል፤ አራት ለአራት ሆኖ ትልቅ ጦርነት ሲነሳ ግን መንቀራፈፉ አይቀርም። ራሙን 8 አድርገው፣ ለውጡን በዓይንህ ታየዋለህ። እና እባክህ ማውስ ግዛ። በላፕቶፑ ታችፓድ አርቲኤስ የሚጫወት ሰው አይቻለሁ፣ አሳዝኖኛል።

ጥያቄ፦ ጌሙን ጫንኩ፣ ከፈትኩ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ባንዴ ያፈጥብኛል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ምን ልሥራ?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ስለሆነ ረዘም ላድርገው፣ በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ላሳይህ። ስትጀምር ሦስት ቪሌጀር (ሠራተኛ)፣ አንድ ፈረሰኛ ስካውት (ቃኚ) እና አንድ ታውን ሴንተር (ሠራተኛ የሚወጣበት ዋናው ቤት) አለህ። ኪስህ ውስጥ 200 ምግብና 200 እንጨት አለ፣ ወርቅና ድንጋዩን ለጊዜው እርሳው። አንድ ቪሌጀር 50 ምግብ ይፈጃል፣ እስኪወጣ 25 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ጌሙ እንደተከፈተ ኪቦርዱ ላይ ኤች (H) ን ትጫንና ታውን ሴንተሩ ላይ አራት ቪሌጀር ታዝዛለህ። ምግቡ አለቀ። ይለቅ፣ እንዲያልቅ ነው የተሰጠህ።

ያሉህ ቪሌጀሮች ወዲያው ቤት ይሥሩ። ቤት 25 እንጨት ነው፣ ለአምስት ሰው ቦታ ይሰጣል፣ ቦታ ከሌለ ደግሞ አዲስ ሰው አይወጣም። ስካውቱ ሰፈርህን ይዙርና በጎችህን ያግኝ። በግ አንዷ 100 ምግብ ናት። ታውን ሴንተሩ ሥር ታመጣትና እዚያው ታርዳታለህ፣ ሥጋ ተሸክሞ የሚመላለስ ሰው እንዳይኖር። አንድ በአንድ ነው ታዲያ፤ ሁሉንም ባንዴ ካረድካቸው ሥጋው መሬት ላይ እየተበላሸ ይቀንስብሃል። አዎ፣ ጌሙ እስከዚህ ድረስ ተጨንቆበታል።

ስድስት ያህል ሰው በግ ላይ ከሆነ በኋላ የሚወጡትን ሦስት አራቱን እንጨት ላይ አሰማራ። ከዚያ ከርከሮ። 340 ምግብ አለው፣ ነገር ግን ቪሌጀር ይገድላል። አንዱን ትልካለህ፣ ቀስት ይሰድበታል፣ ከርከሮው ተናዶ ሲከተለው እሱ ወደ ታውን ሴንተሩ ይሮጣል፣ እዚያ ሲደርስ በግ ላይ ያሉት ሁሉ ይረባረቡበታል። መጀመሪያ ላይ ሰው ይሞትብሃል። የማንም ይሞታል።

ይሄን ሁሉ ብትረሳው እንኳ ይቺን ያዝ፦ ታውን ሴንተሩ ሥራ አይፍታ። ምጣድ ከጋለ በኋላ ሊጥ ሳይፈስበት ከቆየ የሚነደው ማገዶው ብቻ ነው፣ ይሄም እንደዚያው ነው። አንድ ደቂቃ ዝም ካለ ከሁለት ሰው በላይ ቀረብህ ማለት ነው፣ እነዚያ ሰዎች ደግሞ እስከ ጨዋታው መጨረሻ ያመጡልህ የነበረው እንጨትና ምግብ አብሮ ቀረ። ጀማሪ የሚሸነፈው ጦርነት ላይ ይመስለዋል። ቀድሞ ነው የተሸነፈው፣ አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ስካውቱን ፈዞ ሲያይ።

የዚሁ ወንድም የሆነ በሽታ ደግሞ አለ፣ ሀብት ማጠራቀም። ላይኛው ጥግ ላይ 1500 እንጨት ተቀምጦ ሳይ ያመኛል። እዚህ ቁጠባ አያስመሰግንም። ከተረፈህ ቤት ሥራ፣ እርሻ ዝራ፣ ተጨማሪ ሰፈር ጨምር። ባዶ ኪስና ብዙ ሠራዊት ያለው ነው የሚያሸንፈው።

ጥያቄ፦ ቢልድ ኦርደር የሚሉት አለ፣ ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ስለሱ ነው የሚያወራው። በቃሌ ላጥናው?

መልስ፦ አሁን አይደለም። ቢልድ ኦርደር ማለት ስንተኛው ሰው የት ይሂድ፣ ስንተኛው ላይ ምን ይሠራ የሚል ቅደም ተከተል ነው። ጠቃሚ ነው፣ ግን ታውን ሴንተሩ እየቆመብህ ከሆነ የዓለም ሻምፒዮኑን ቅደም ተከተል ብትሸመድድም ዋጋ የለውም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ አዲስ ሰው ሳስጀምር ጦር ፈጽሞ እከለክለዋለሁ። ኮምፒውተሩን በጣም ቀላሉ ላይ አድርጎ ሰው ማውጣትና ቤት መሥራት ብቻ። ይሰለቻል፣ ያማርራል። በሳምንቱ ግን እጁ ራሱ ኤች ን እየፈለገ ይሄዳል። ዴፊኒቲቭ ኤዲሽኑ ላይ አርት ኦፍ ዋር የሚባሉ አጫጭር ልምምዶችም አሉ፣ የመጀመሪያዎቹ በዚሁ በኢኮኖሚው ላይ ናቸው፣ እነሱን ሥራ።

ጥያቄ፦ ጣቴ ዝግተኛ ነው። ኮሪያኖቹን አይቼ ተስፋ ቆረጥኩ።

መልስ፦ የስታርክራፍት ፕሮዎች በደቂቃ ከ300 በላይ ትእዛዝ ይሰጣሉ፣ እውነት ነው። ያንቺ ተጋጣሚ ግን እነሱ አይደሉም፣ እንዳንቺው ቢሮ ውሎ የመጣ ሰው ነው። ከፍጥነት ይልቅ አቋራጭ ቁልፎቹ ይጠቅሙሻል። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ላይ ኪቦርዱ ላይ ያለችውን ነጥብ (.) ስትጫኚ ሥራ የፈታ ቪሌጀር ያለበት ትወስድሻለች። ጦርሽን መርጠሽ ኮንትሮልና 1 ከተጫንሽ፣ ከዚያ በኋላ 1 ን መጫን ብቻ ነው፣ የትም ይሁኑ ይመረጡልሻል። ለጀማሪ እነዚህ ይበቃሉ።

ጥያቄ፦ የቱን ጦር ልሥራ? ሁልጊዜ ፈረሰኛ እሠራለሁ፣ ሁልጊዜ አልቃለሁ።

መልስ፦ ተጋጣሚህን ሄደህ ስላላየህ ነው። ባለ ጦር እግረኛ ፈረሰኛን ይበላል፣ ፈረሰኛ ቀስተኛን ይበላል፣ ቀስተኛ እግረኛን ይበላል። መሠረቱ ይኸው ነው፣ ሌላው ዝርዝር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «የቱን ልሥራ» ሳይሆን «እሱ የቱን እየሠራ ነው» ነው። ስካውትህን ሰደህ ቅጥር ግቢውን እይ። የፈረስ ጋጣ ካየህ ባለ ጦር እግረኛ አዘጋጅ፣ የቀስተኛ ማሠልጠኛ ካየህ ያኔ ፈረስህን አውጣ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ አለችበት የሚባለው እውነት ነው ወይስ የፌስቡክ ወሬ?

መልስ፦ እውነት ነው። በ2015 ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ የሚባል ጭማሪ ሲወጣ ነው የገባችው፤ የዮዲት ካምፔይንም አብሮ መጣ። ወታደሩን ጠቅ ስታደርገው በአማርኛ ነው የሚመልስልህ፤ መጀመሪያ ስትሰማው ትስቃለህ። ቀስተኞቻችን ከሌላው 18 በመቶ ፈጥነው ይተኩሳሉ፣ ወደ አዲስ ዘመን (የጌሙ የእድገት ደረጃ ነው) በተሻገርክ ቁጥር ደግሞ 100 ምግብና 100 ወርቅ ይመረቅልሃል። ለጀማሪ ይሄ ምርቃት ትልቅ እፎይታ ነው። ልዩ ጦራችን ባለ ሾተሉ ነው። ምቱ ከባድ ነው፣ ግን ቀስት አይቋቋምም፣ ቶሎ ይረግፋል። ቀስተኛ ያለበት ላይ አትልከው። በሦስተኛውም ክፍል፣ በ2021 በወጣው የአፍሪካ ጭማሪ፣ ኢትዮጵያ አለች።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔቱስ? መብራቱስ? ጥቅሌን ሙልጭ አድርጎ ቢበላውስ?

መልስ፦ ዳውንሎዱ ነው የሚበላው፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ወደ 30 ጊጋ ይጠጋል። ያልተገደበ ኢንተርኔት ያለው ጓደኛ ጋ ሄደህ አውርድ። ጨዋታው ራሱ ግን ትንሽ ነው የሚወስደው፣ ምክንያቱም ደስ ይላል። ካርታው ላይ 800 ወታደር ቢኖርም ኮምፒውተሮቹ የሚላላኩት የተጫዋቾቹን ትእዛዝ ብቻ ነው። «እነዚህ ሰዎች ወደዚህ ይሂዱ» ይባላል፣ ሁሉም ኮምፒውተር ያንኑ ውጤት ለየራሱ ያሰላዋል። የመጀመሪያው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ በ1997 ሲወጣ ሰው በስልክ መስመር ሞደም ነበር የሚጫወተው፣ ለዚያ ተብሎ የተመረጠ ዘዴ ነው። ጉዳቱ ደግሞ አንዱ ኮምፒውተር ደካማ ከሆነ ሁሉም ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ጌሙ ሲንቀራፈፍ ሁልጊዜ ኢንተርኔቱን አትስደብ። ፒንጉም (የኢንተርኔቱ መዘግየት) ቢሆን እንደ ተኩስ ጌም አይገድልህም።

መብራቱን በተመለከተ፣ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ ግን የለውም። ሲጠፋ ወዲያው ወደ ስልክህ ሆትስፖት ለመቀየር ብትሮጥም ያለህበት ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጥሃል። ኦንላይን ከመግባትህ በፊት ሰፈርህ ላይ ሰሞኑን መብራቱ እንዴት እንደከረመ አስብ። ከኮምፒውተሩ ጋር ከሆነ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርግ፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ እራት ቀርቦ ስጠራው «ማቆም አይቻልም» ይለኛል። እየዋሸኝ ነው?

መልስ፦ አይ፣ እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ነው። ከሰው ጋር እየተጫወተ ከሆነ መሀል ላይ ቢወጣ ተሸንፎ ነው የሚወጣው፣ ጓደኞቹንም ያስበላል። አንድ ጨዋታ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በሰዓት አይገድቡት፣ በጨዋታ ቁጥር ይገድቡት። «ዛሬ አንድ ብቻ፣ እሱም ከ12 ሰዓት በፊት ይጀመር» ቢሉት ሰበብ አይኖረውም። ብቻውን ከኮምፒውተሩ ጋር ከሆነ ግን ማቆም ይቻላል፣ እዚያ ላይ እንዳይሸውድዎት። ኦንላይን ያለው ቻት ደግሞ አንዳንዴ ስድብ ይበዛበታል፣ ሊዘጋ ስለሚችል ያዘጉት።

ጥያቄ፦ ክላሽ ኦፍ ክላንስ እጫወታለሁ። ያው አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። እዚያ ትገነባለህ፣ ከዚያ ስልክህን ኪስህ ትከትና ትጠብቃለህ። እዚህ የሚጠብቅህ የለም።

ጥያቄ፦ ነጥብ የሚያዝበት (ራንክድ) ጨዋታ ገባሁ፣ በተከታታይ ተሸነፍኩ። ልተወው?

መልስ፦ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ላይ ሁሉም ሰው 1000 ነጥብ ላይ ነው የሚጀምረው፤ 1000 ደግሞ የጀማሪ ቦታ አይደለም፣ መሀከለኛ ሰው ያለበት ነው። ስለዚህ አዲስ ሰው መውረዱ ግዴታ ነው። እየወረድክ ሄደህ እኩያህን ስታገኝ ያኔ ይጣፍጣል። እስከዚያው የተሸነፍክበትን ሪፕሌይ (የጨዋታውን ቅጂ) ክፈትና አንድ ነገር ብቻ ፈልግ፣ ታውን ሴንተሩ መጀመሪያ የቆመው ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው? ሌላውን እንዳላየ እለፈው።

ጥያቄ፦ እኔና ወንድሜ አንድ ቤት ሁለት ላፕቶፕ አለን፣ ጥቅል ሳንገዛ እርስ በርስ መጫወት እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ። ዜሮ ኤዲን አንዴ አውርዱት፣ በፍላሽ ለሁለታችሁ ጫኑት፣ ነፃ ስለሆነ ችግር የለውም። ግን ሁለታችሁም ጋ ያለው ቨርዥን አንድ ዓይነት ይሁን፣ አለዚያ አይገናኝም። ሁለቱንም በአንድ ራውተር አያይዙ፣ ኢንተርኔት ባይኖረውም ይሠራል። አንዳችሁ ሆስት ያደርጋል (ጨዋታውን ይከፍታል)፣ ሌላው የሆስቱን አይፒ (የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ) ጽፎ ይገባል። መጀመሪያ ግን እርስ በርስ አትጋጠሙ፣ ሁለታችሁ በአንድ ወገን ሆናችሁ ኮምፒውተሩን ግጠሙት። ታላቅየው ማነው የሚለው ጸብ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።